«ለቅርጫት ኳስ አጭር ነህ» ለተባላችሁ፦ የፖይንት ጋርድ ሙያ ከደብረ ታቦር ሲታይ

«አንተ እኮ አጭር ነህ፣ ቅርጫት ኳስ ምን ያደርግልሃል?»

ደብረ ታቦርም ሆነ ንፋስ መውጫ፣ ወረታም ሆነ እስቴ፣ ኳስ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ የሚወጣ ልጅ ይህቺን አባባል ሳይሰማ አያድግም። ሴት ከሆነች ደግሞ «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል» የሚል ይጨመርባታል።

ዛሬ ይሄን ነገር ቁጭ ብለን እንፍታው። አጭር ሰው በቅርጫት ኳስ እንጀራ ሊበላ ይችላል ወይ? ይችላል ከተባለ መንገዱ በየት በየት በኩል ነው? ከኛ አካባቢ የሚነሳ ልጅስ እውነት እውነቱን ምን ይጠብቀው? (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

🏀 ፖይንት ጋርድ ማነው?

ከአንድ ቡድን 5 ሰው ሜዳ ይገባል። ሜዳው 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፣ ቅርጫቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ ተሰቅሏል። ከአምስቱ አንዱ ኳሱን ከራሱ ሜዳ ይዞ ይወጣል፣ ማን የት እንደሚቆም ያዛል፣ ኳሱ ለማን መቼ እንደሚደርስ ይወስናል። ፖይንት ጋርድ የሚባለው እሱ ነው። አሰልጣኙ ውጭ ቆሞ ይጮሃል፣ ውስጥ ያለው አሰልጣኝ ግን ፖይንት ጋርዱ ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በዓለም አቀፉ ሕግ ኳሱን በ8 ሰከንድ ውስጥ መሃል መስመር ማሻገር አለባችሁ። በ24 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ወደ ቅርጫት መወርወር አለባችሁ። ካልሆነ ኳሱ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጣል።

በዚህች ጊዜ ውስጥ ምን ይሠራል? በብዛት የምታዩት «ፒክ ኤንድ ሮል» የሚባለውን ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ረጅሙ ጓደኛችሁ ይመጣና እናንተን በሚጠብቀው ልጅ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አይገፋም፣ ይጋርዳል ብቻ። እናንተ ኳሱን እያነጠራችሁ በሱ ጎን ታልፋላችሁ። ከዚያ፦

👉 ሁለቱም ተከላካዮች ወደ እናንተ ከመጡ፣ ረጅሙ ነጻ ሆኖ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፤ ታቀብሉታላችሁ።
👉 ሁለቱም ወደ ረጅሙ ካፈገፈጉ፣ መንገዱ ለእናንተ ክፍት ነው፤ ትገባላችሁ ወይ ትወረውራላችሁ።
👉 ከማዕዘን ሦስተኛ ተከላካይ ለእርዳታ ከመጣ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ጓደኛችሁ ብቻውን ቀርቷል ማለት ነው፤ ኳሱ ወደሱ ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ ውሳኔ አንድ ወይ ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው። ከብት የጠበቀ ልጅ ይሄ ይገባዋል። ጎበዝ እረኛ እያንዳንዷን ላም እያየ አይቆጥርም፤ የቷ ወደ ሰው ማሳ እያዘነበለች እንደሆነ ግን ሳይቆጥር ያውቃል። ፖይንት ጋርድም ኳሱን አያይም። ኳሱ እጁ ላይ ነው፣ ዓይኑ ሜዳው ላይ።

📏 ቁመትስ?

ውሸት አንነግራችሁም፤ ቁመት በቅርጫት ኳስ ትልቅ ነገር ነው። የፕሮፌሽናል ፖይንት ጋርዶች ቁመት ራሱ በአብዛኛው ከ1 ሜትር ከ80 በላይ ነው። ግን ከአምስቱ ቦታዎች አጭር ሰው በብዛት የሚገኝበት ይሄ ነው። ኳስ መሬት ለመሬት ስትነጥር ዝቅ ያለ ሰው በቀላሉ አይነጠቅም።

መግዚ ቦግስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነው። አዎ፣ 1 ከ60። በ1987 በኤንቢኤ ምርጫ 12ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ 14 የውድድር ዘመን ተጫወተ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያ ቡድኑ ዋሽንግተን ውስጥ አብሮት የተሰለፈው የዛሬዋ የደቡብ ሱዳን ተወላጅ ማኑት ቦል ነበር፤ 2 ሜትር ከ31። በሊጉ ታሪክ አጭሩ ሰው እና በዘመኑ ረጅሙ ሰው አንድ ማሊያ ለብሰው ማለት ነው።

ጆን ስቶክተን ደግሞ አለ። 1 ሜትር ከ85 ነው፣ ለአንድ ቡድን ብቻ፣ ለዩታ ጃዝ፣ ከ1984 እስከ 2003 ድረስ 19 የውድድር ዘመን ተጫወተ። ለጎል የበቁ 15,806 ኳሶችን አቀብሏል (አሲስት የሚሉት)። ይህን ቁጥር እስካሁን ማንም አልደረሰበትም። ጸባዩ ዝም ያለ፣ ጨዋታው ያልተጋነነ ሰው ነበር። ያለማቋረጥ ትክክለኛውን ኳስ ለትክክለኛው ሰው ይሰጣል፤ አለቀ።

ከሴቶች ሱ በርድን ተመልከቱ። 1 ሜትር ከ75 ናት። ከሲያትል ስቶርም ጋር 4 ዋንጫ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር 5 የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ያቆመችው በ2022፣ በ41 ዓመቷ ነው።

🌍 አንድ ሰው፣ አንድ ሙያ፦ ካርሊክ ጆንስ

የትልልቆቹን ስም ሁሉም ያውቃል። የዚህን ሙያ እውነተኛ መልክ ለማየት ግን ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ዘንድ የተጫወተውን ካርሊክ ጆንስን መከተል ይሻላል።

ጆንስ በ1997 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ገደማ ነው። ታዋቂዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልፈለጉትም። ራድፎርድ የሚባል ስሙ ብዙም የማይነሳ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ ምንም ሳይጫወት እየተለማመደ ብቻ አሳለፈ። በ2018 የምድባቸው የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ ወርውሮ ቡድኑን ሻምፒዮን አደረገ። በ2020 የምድቡ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ ወደ ትልቁ ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

«አሁንማ ኤንቢኤ ገባ» ትላላችሁ አይደል? አልገባም። በ2021 ምርጫ ስሙን የጠራ ቡድን የለም። ታችኛው ሊግ ወረደ። ከዳላስ ጋር የ10 ቀን ኮንትራት፣ ከዴንቨር ጋር ሌላ የ10 ቀን ኮንትራት። የ10 ቀን ኮንትራት ማለት ስሙ እንደሚለው ነው፤ በ11ኛው ቀን ሻንጣህን ልትሸክፍ ትችላለህ። ጆንስ ተመልሶ ታችኛው ሊግ ገባ፣ በ2022-23 የዚያ ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆነ።

ከዚያ ደቡብ ሱዳን ጠራችው። በ2023 የዓለም ዋንጫ ላይ ለደቡብ ሱዳን ተሰልፎ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ10 በላይ አሲስት አደረገ፤ ከውድድሩ ሁሉ አንደኛ። ደቡብ ሱዳን ቻይናን፣ ፊሊፒንስንና አንጎላን አሸንፋ ከአፍሪካ ቡድኖች የተሻለውን ውጤት በማምጣት ለፓሪስ ኦሎምፒክ አለፈች። ሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ እነ ሌብሮን ጄምስ ያሉበትን የአሜሪካ ቡድን ገጠሙ። ውጤቱ 101 ለ100፤ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተሸነፉ። የዚያን ቀን ጆንስ 15 ነጥብ፣ 11 አሲስት እና 11 ሪባውንድ ነበረው። ፓሪስ ላይ ደግሞ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረቱ።

እንጀራውንስ የት በላ? ቻይና ሄዶ ተጫወተ፣ ከዚያ ሰርቢያ፣ ፓርቲዛን ቤልግሬድ። ልብ በሉ፦ ይሄ ሰው በኤንቢኤ መለኪያ «ያልተሳካለት» ነው። በሙያው መለኪያ ግን በደንብ ተሳክቶለታል። የኤንቢኤ 30 ቡድኖች በሙሉ ቢቆጠሩ የሚይዙት ተጫዋች ከ550 አይበልጥም። ቱርክ፣ ስፔን፣ ግብጽ፣ ቻይና፣ አንጎላ፣ ሩዋንዳ ውስጥ ግን በቅርጫት ኳስ ደመወዝ የሚኖር በጣም ብዙ ሰው አለ። ፕሮፌሽናል ማለት ይሄ ነው።

🤝 ለኛ የሚቀርበው ታሪክ

ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችው በ2011 ነው። የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊባ አባል የሆነችው በ2013። ጣሪያ ያለው ደረጃውን የጠበቀ አዳራሽ አልነበራትም። የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ሉዎል ዴንግ ፌዴሬሽኑን ተረክቦ ከኪሱ ጭምር እያወጣ፣ በየሀገሩ የተበተነውን ልጅ እየፈለገ ሰበሰበ። ከብዙ ሀገር የተሻለ ሜዳ አልነበራቸውም፤ የተሻለ አደረጃጀት ግን ነበራቸው።

በዚያው ቡድን ውስጥ ኑኒ ኦሞት የሚባል ተጫዋች አለ። ቤተሰቡ ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ኬንያ የገባ ነው፤ እሱ እዚያው በስደተኞች ካምፕ ተወለደ፣ ከዚያ አሜሪካ አደገ። በ2023 ከግብጹ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ ወሰደ፣ የሊጉም ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ፖይንት ጋርድ አይደለም፣ ረጅም ነው። ግን አንድ ነገር ይነግረናል፦ ከዚህች ምድር የወጣ ቤተሰብ ልጅ እዚያ ደረጃ ደርሷል።

ይህ የአፍሪካ ሊግ ራሱ አዲስ ነገር ነው። ኤንቢኤ እና ፊባ በጋራ በ2021 ኪጋሊ ላይ ጀመሩት። ድሮ አፍሪካዊ ልጅ ፕሮፌሽናል ለመሆን የግድ ባህር ማቋረጥ ነበረበት፤ አሁን አህጉሩ ውስጥም በር ተከፍቷል። ከኢትዮጵያ ሊግ በቀጥታ ተነስቶ ኤንቢኤ የገባ ሰው ግን እስካሁን የለም። ይሄን ደብቀን ተስፋ ብንሸጥላችሁ ወንጀል ነው።

🦵 ሰውነት፣ ዕድሜ፣ ገንዘብ

የፖይንት ጋርድ ሥራ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ድንገት መቆም፣ መታጠፍ፣ መዝለል ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው።

ዴሪክ ሮዝ በ2011፣ በ22 ዓመቱ፣ በኤንቢኤ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ የዓመቱ ኮከብ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫውቷል፣ በ2024 ነው ያቆመው። የድሮው ሮዝ ግን አልተመለሰም። ስቴፈን ከሪም በጀማሪነቱ ቁርጭምጭሚቱ ሊያስቆመው ደርሶ ነበር፤ በሕክምናና በጥንካሬ ሥራ ነው ተርፎ 4 ዋንጫ የወሰደው።

ትምህርቱ ምንድነው? ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ባለቀ ጫማ፣ ሳታሟሙቁ አትዝለሉ። ከዝላይ ስታርፉ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ አይጠፍ፤ በተለይ ሴቶች፣ የጉልበት ጅማት ጉዳት በእናንተ ላይ ከወንዶቹ በበለጠ ይደርሳል። ጉልበት ሲያብጥ «ይለቀኛል» ብሎ መጫወት ጀግንነት አይደለም።

ደግሞ ይሄ ሙያ አጭር ነው። አብዛኛው ተጫዋች 35 ዓመት ሳይሞላው ያቆማል። ስለዚህ ደብተራችሁን ጥላችሁ ኳስ ብቻ የምትይዙ ከሆነ፣ ቢሳካላችሁም እንኳ ገና በጎልማሳነታችሁ ሥራ ፈላጊ ትሆናላችሁ።

⛰️ ከደብረ ታቦር ሲታይ

እሺ፣ ወደ ቤታችን እንምጣ።

መጀመሪያ ያለንን እንቁጠር። ደብረ ታቦር ከባህር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከላይ ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ቆሞ ያየናል። የአሜሪካዋ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነች እንግዳ ቡድን ሁሉ «አየሩ ገደለን» ይላል። እኛ ከዴንቨር ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው የምንሮጠው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ያንሳል። እዚህ ያደገ ሳንባ ቆላ ሲወርድ ትንፋሽ አያጥረውም። ግን ትንፋሽ ብቻውን ፖይንት ጋርድ አያደርግም፤ ያደርግ ቢሆንማ ሯጮቻችን በሙሉ ኳስ ተጫዋች በሆኑ።

የጎደለን ደግሞ ብዙ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ የብረት ቅርጫት ቆሟል፤ መረቡ ከተቀደደ ቆይቷል፣ ሜዳው ጠጠር ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ ጣሪያ ስለሌለ ወራቱ በዝናብ ያልፋል። በየዕድሜው የሚደረግ ቋሚ ውድድር እምብዛም ነው። ፖይንት ጋርድ ደግሞ በልምምድ ብቻ አይበስልም፤ ጨዋታ ያስፈልገዋል፤ መሳሳት፣ መነጠቅ፣ እንደገና መሞከር አለበት። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የተዘጋው ክፍል ብቻ አልነበረም፤ ሜዳውም አብሮ ተዘግቷል።

ስለዚህ ከዚህ አካባቢ የሚነሳ ልጅ እውነተኛ መሰላል ይህን ይመስላል፦ የትምህርት ቤት ቡድን፣ የከተማና የዞን ውድድር፣ የክልል ምርጫ፣ ከዚያ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ክለብ፣ ብሔራዊ ቡድን። ከዚያ በላይ ያለው በር የሚከፈተው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

አንድ አቋራጭ አለ፤ 3 ለ 3 ይባላል። ከቶኪዮ ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ነው። ግማሽ ሜዳ፣ አንድ ቅርጫት፣ 10 ደቂቃ፤ ቀድሞ 21 የገባ ያሸንፋል። ለመወርወር ያላችሁ ጊዜ 12 ሰከንድ ብቻ ነው። አንድ ቅርጫት ብቻ ላለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም። ፊባ ለዚህ ጨዋታ ተጫዋቾች በግል የሚመዘገቡበት የደረጃ ሰንጠረዥ አለው፤ አዘጋጆችም ውድድራቸውን በኢንተርኔት ማስመዝገብ ይችላሉ። የስፖርት መምህራን፣ ይሄን ልብ በሉልን።

⚠️ «ውጭ እልክሃለሁ» የሚሉት

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የኳስ ሕልም ባለበት ሁሉ ሌባ አለ። በቴሌግራም ይመጣል፦ «ቪዲዮህን አይተናል፣ ስኮላርሺፕ አግኝተሃል፣ ለፕሮሰስ ይህን ያህል ብር አስገባ።» ስንት ቤተሰብ በሬ ሸጦ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከፍሏል። ለመለየት ይህን ያዙ፦

👉 አሰልጣኝ ወይም ክለብ ተጫዋች ለመምረጥ ከተጫዋቹ ብር አይጠይቅም። የቪዛ ክፍያ የሚከፈለው በኤምባሲው ሕጋዊ መንገድ ነው፣ ለግለሰብ አካውንት አይደለም።
👉 ዓለም አቀፍ የተጫዋች ወኪል የፊባ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፈቃድ ያላቸው ስም ዝርዝር በፊባ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ስሙን ፈልጉት፤ ከሌለ ስልኩን ዝጉት።
👉 በፊባ ደንብ ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከሀገር ሀገር መዛወር የሚፈቀደው በተለዩ ምክንያቶች ብቻ ነው። የ16 ዓመት ልጅ «ቱርክ ክለብ ላስገባው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጠርጠር አለባችሁ።
👉 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ የሚፈልግ ሰው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ውጤቱ ይታያል። ኳስ ችሎ እንግሊዝኛና ሒሳብ የወደቀ ልጅ በሩ ላይ ይቀራል። ሁለት ጊዜ የኤንቢኤ ኮከብ የሆነውን ስቲቭ ናሽን እንኳ ስኮላርሺፕ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ነበር፤ ሳንታ ክላራ። ያቺ አንዲት በር ስትከፈት ወረቀቱ ዝግጁ መሆን አለበት።

📱 ነገ ጠዋት ምን እንጀምር?

1. ደካማ እጃችሁን አሠልጥኑ። ቀኝ ከሆናችሁ በቀን 15 ደቂቃ በግራ ብቻ አንጥሩ፣ ዓይናችሁ ኳሱ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት። ጓደኛችሁ ጣቶቹን እያሳየ ቁጥሩን ይጠይቃችሁ።
2. ግድግዳ ፈልጉ። በሁለት እጅ፣ በአንድ እጅ፣ መሬት አንጥሮ፣ በቀን 100 ጊዜ አቀብሉ። ግድግዳ አያማርርም።
3. ስልካችሁን ለሃይላይት ብቻ አትጠቀሙበት። ሃይላይት የሚያሳየው ጎሉን ነው። ዋይፋይ ስታገኙ አንድ ሙሉ ጨዋታ አውርዱ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ኳሱን ሳይሆን ፖይንት ጋርዱን ብቻ ተከተሉ። ከማቀበሉ በፊት የት አየ? እሱን ጻፉ።
4. ስታቲስቲክስ ያዙ። በየጨዋታው ስንት አቀበላችሁ፣ ስንት ተነጠቃችሁ? ሁለት አቀብሎ አንድ የሚነጠቅ ልጅ ተስፋ አለው፤ አንድ አቀብሎ ሁለት የሚነጠቅ ገና ብዙ ይቀረዋል።
5. ተናገሩ። ብዙ የኛ ልጆች ጨዋ ሆነው ነው ያደጉት፣ ሜዳ ላይም ዝም ይላሉ። ፖይንት ጋርድ ዝም ካለ ቡድኑ ይታወራል። ታላቅህ ቢሆንም «ጋሼ፣ ወደ ግራ!» ብለህ ጩህ፤ ሜዳ ላይ ይቅርታ ይደረግልሃል።

ይሄን ሁሉ ያደረገ ልጅ ሁሉ ፕሮፌሽናል አይሆንም። አብዛኛው አይሆንም። ግን ከአስሩ አንዱ ክለብ ቢገባ፣ ሌላው አሰልጣኝ፣ ዳኛ፣ የስፖርት መምህር ወይ ፊዚዮቴራፒስት ቢሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ልጅ እኛ ያጣነውን ያገኛል። መረብ የሚቀይርለት፣ ውድድር የሚያዘጋጅለት፣ «አጭር ነህ» ሳይሆን «ቀና በል፣ ሜዳውን እይ» የሚለው ሰው ይኖረዋል።

እናንተ ትምህርት ቤት ቅርጫቱ ቆሟል ወይስ ወድቋል? መረብ አለው? ኮመንት ላይ የት እንደሆነ ጻፉልን። ኳስ ለሚወድ ታናሽ ወንድምና እህት ደግሞ ሼር አድርጉለት፤ በተለይ የማጭበርበሩን ክፍል ለወላጆች አንብቡላቸው።